ስለ ሙታን ቤትና ስለ ሕያዋን ጨዋታ

የተቀበረ ሰው በሌለበት መቃብር ገብቶ፥ ወርቅ ያልሆነውን ወርቅ አንሥቶ የወጣ ሰው በደለ ይባላልን? ወይስ በሕልሙ እንደ ሰረቀ ሰው ነቅቶ፥ ፊቱን ታጥቦ፥ ወደ ሥራው ይሄዳል? ጥያቄው ሲሰሙት ሥራ የፈታ ሰው ያመጣው ይመስላል። ዳሩ ግን ይህን የመሰለው ሥራ ዛሬ በብዙ አገር በወጣቶች እጅ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በሣቅ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ካልተባሉ በቀር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሲምስ 3» ለተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ «ወርልድ አድቬንቸርስ» የሚባል ተጨማሪ ክፍል አወጣ። ሲምስ የሚባለው ጨዋታ ጠላት የሚወጋበት ወይም ኳስ የሚመታበት አይደለም፤ የሰውን ኑሮ የሚያስመስል ነው። ተጫዋቹ ትንንሽ ሰዎችን ያበጃል፥ ቤት ይሠራላቸዋል፥ ሥራ ያስይዛቸዋል። እነርሱም ይበላሉ፥ ይተኛሉ፥ ይጋባሉ፥ ይወልዳሉ፥ ያረጃሉ፥ በመጨረሻም ይሞታሉ። በተጨማሪው ክፍል ደግሞ እነዚህ ሰዎች ወደ ሦስት አገር እንዲጓዙ ተደረገ፤ ወደ ቻይና፥ ወደ ፈረንሳይና ወደ ግብጽ። የግብጹ ከተማ ስም አል ሲምሃራ ይባላል። በዓለም ካርታ ላይ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ነገር ግን አሸዋው፥ ገበያው፥ ፒራሚዱ፥ ከፒራሚዱም ሥር ያለው የጨለማ መንገድ ሁሉ የጥንቱን የፈርዖኖች አገር እንዲያስታውስ ተደርጎ የተበጀ ነው።

ወደ መቃብሩ የገባው ሰው ድንጋይ እየገፋ፥ የተሰወረ በር እየፈለገ፥ ከወለሉ እሳት ሲወጣበት እየሸሸ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። ስንቅና ድንኳን ሳይዝ የገባ እንደ ሆነ በራብና በድካም ይቸገራል፤ በዚህስ ነገር ጨዋታው ከብዙ መንገደኛ ይልቅ ልባም ነው። በመንገዱ ላይ የጥንት ሳንቲምና የጥንት ዕቃ ያገኛል። ሳንቲሙን በገበያ ይመነዝረዋል፤ ዕቃውን ቢፈልግ በቤቱ ያኖረዋል፥ ቢፈልግም ይሸጠዋል። በሽቱ የደረቁት ሙታን ከሣጥናቸው ተነሥተው ሊታገሉት ይችላሉ፤ ተሸንፎ ርግማን የደረሰበትም ሰው መድኃኒቱን ካላገኘ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሞታል። እንግዲህ ይህን ያበጁ ሰዎች የሙታንን ቤት መድፈር አንዳች ፍርሃት እንዳለበት አላጡትም። ነገር ግን የርግማኑን ሥርዐት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያገኝበታል። ርግማኑ የሚመጣው ወርቁን በመውሰድ ሳይሆን በትግሉ በመሸነፍ ነው። ብርቱው ወስዶ በሰላም ይወጣል፤ የሚረገመው ደካማው ነው።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነው የሚናገሩ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ «የሌለ አገር መዞር ምን ይጠቅማል፤ ዕድሜን በምትሐት መጨረስ ነው» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ «የሌለ አገር ከሆነ ምን ይጐዳል» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አገሩ የለም በማለት ይስማማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ። ለሁለቱም መልስ የሚገኘው ግን ከሩቅ አይደለም።

ሽማግሌዎቹን በመጀመሪያ መመለስ ቀላል ነው። በስማዳ በወገዳ የሚኖር ሰው፥ ድጓ በሚመሰከርባት በጋይንት ቤተ ልሔምም ያለ መምህር፥ ወደ እስቴም ወርዶ በየደብሩ የሚቆም ደብተራ፥ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌን ሲቆም በሐሳቡ የሚዞረው የት ነው? በግብጽ ምድር አይደለምን? እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በአሸዋው ላይ ስትሄድ፥ ውኃ ሲጠማት፥ በሰው ደጅ ስትቆም ያያል። ያ ደብተራ ግብጽን በዓይኑ አላያትም፤ የብዙዎቹም መምህራን መምህር አላያትም። ሆኖም በዚያ ሌሊት ከወገዳ የወጣ ሰው ሁሉ ግብጽ ደርሶ ይመለሳል። ይህን ምትሐት ያለው የለም። እንግዲህ ባልረገጡት ምድር በልብ መሄድ በራሱ ከንቱ ነው የሚል ሰው ከጨዋታው በፊት ማኅሌቱን ሊነቅፍ ነው።

ደግሞም አገሩ እንደሚባለው ያህል ሩቅ አይደለም። የስማዳ ዝናብ በየገደሉ ወርዶ ከበሽሎና ከዓባይ ይገባል። ለብዙ ሺህ ዓመታት የግብጽን እርሻ ሲያጠግብ የኖረው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነበር፤ የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ተፈጽሞ እስኪያስቀረው ድረስ። ፈርዖኖች በዳቦ የበሉት ስንዴ በምን አፈር ላይ እንደ በቀለ ቢጠየቅ፥ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ይህ ለቀልድ ያህል ነው፤ አፈሩ ግን ቀልድ አይደለም።

ወጣቶቹን መመለስ ግን እንደ ሽማግሌዎቹ አይቀልም፤ ክርክራቸው ጥርስ አለው። ሰንጠረዥን ያመጡታል። ያለፉት መኳንንት በሰንጠረዥ ሲጫወቱ ውለው የባላጋራቸውን ንጉሥ ማርከው ሲገቡ፥ ንጉሥ ገደልሁ ብሎ ወደ ንስሓ አባቱ የሄደ አልነበረም። በገበጣም የጎረቤቱን ጉድጓድ ባዶ ያስቀረ ሰው ሌባ አልተባለም። የሰንጠረዥ ንጉሥ እንጨት ከሆነ፥ የአል ሲምሃራም ሬሳ ብርሃንና ቀለም ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድር ነው?

ከዚህ ላይ የጥንቶቹን ግብጻውያንን ራሳቸውን መጠየቅ ደግ ነው፤ በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በ1920 ዊንሎክ የሚባል አሜሪካዊ የጥንት ነገር መርማሪ በቴብስ የአንድ ሹም መቃብር ሲያስጠርግ፥ ቀድሞ የገቡት ሌቦች ያላዩት አንድ ስውር ክፍል ከወለሉ ሥር ተገኘ። የሹሙ ስም መከትሬ ይባላል፤ የኖረውም ከጌታ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ቤቶችና ትንንሽ ሰዎች ነበሩ። ዳቦ የሚጋግሩ አሉ፤ ጠላ የሚጠምቁ አሉ፤ ሴቶች ሸማ ይሠራሉ፤ ጀልባ የሚቀዝፉ አሉ፤ መከትሬም በዳስ ሥር ተቀምጦ ከብቱ ሲቈጠርለት ያያል፥ ጸሐፊዎችም ይጽፋሉ። የአትክልት ቦታው ሳይቀር ከነዛፉ አለ። ይህ ምንድር ነው ቢሉ፥ የኑሮ አምሳያ ነው። ሲምስን ያበጁት ሰዎች በኮምፒዩተር የሠሩትን፥ እነዚያ አራት ሺህ ዓመት ቀድመው በመጥረቢያና በቀለም ሠርተውታል።

ዳሩ ግን የዛሬው የኑሮ አምሳያ ለመዝናናት ነው፤ የእነርሱ ኑሮ እንዳይቋረጥ የተማጠኑበት ነበር። ትንሹ ጋጋሪ ለሹሙ ለዘላለም እንዲጋግርለት ተቀመጠ። በቱታንኻሙን መቃብር የተገኙት ሻብቲ የሚባሉት ትንንሽ ምስሎች 413 ናቸው፤ ሥራቸውም ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ለሥራ ሲጠራ ስለ እርሱ አቤት ማለት ነው። በዚያው መቃብር የመጫወቻ ገበታዎችም ተገኝተዋል፤ ሰኔት ይባላል፤ ንጉሡ ከሞት በኋላ እንዲጫወትበት አብሮት ተቀበረ። እንግዲህ ጨዋታና ሞት በዚያ አገር ጎረቤቶች ነበሩ። ጨዋታ የሙታንን ቤት መንካት የለበትም ብሎ የሚከራከር ሰው ከሙታኑ ከራሳቸው ድጋፍ አያገኝም።

ሌቦቹም ከዚያው ነበሩ፤ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጡ አይምሰል። ከጌታ ልደት በፊት በ1100 ዓመት ገደማ፥ በ9ኛው ራምሴስ ዘመን፥ የንጉሥ ሶበክኤምሳፍን መቃብር የሰበሩ ሰዎች ተይዘው በዳኛ ፊት የሰጡት ቃል በብራና ሣር ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። ከእነርሱ አንዱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከንጉሡና ከንግሥቲቱ ሬሳ ላይ ወርቁን እንደ ገፈፉ፥ ሣጥኖቹንም እንዳቃጠሉ፥ ከዚያም እንደ ተካፈሉ ተናግረዋል። ይህን የሚያነብ ሰው ልቡን የሚነካው ወርቁ አይደለም፤ እሳቱ ነው። ወርቁን የራበው ይወስደዋል ይባል፤ ሣጥኑን ማቃጠል ግን ምን አመጣው? ቀድሞ የነበረውን ሰው እንዳልነበረ ማድረግ ነው እንጂ።

የሰንጠረዡ ክርክር የሚሰነጠቀው ከዚህ ላይ ነው። የሰንጠረዥ ንጉሥ ማንም አይደለም። አገር የለውም፥ እናት አልወለደችውም፥ ያለቀሰለት የለም። የአል ሲምሃራ መቃብር ግን መልኩን የተበደረው ከማን ነው? እናት ከወለደቻቸው፥ ስማቸው እንዳይጠፋ በድንጋይ ከቀረጹት፥ መቃብራቸውም በእውነት ከተሰበረባቸው ሰዎች ነው። ጨዋታው መልካቸውን ሲበደር ስማቸውን አልተበደረም። ሣጥኑ ቀረ፥ የተኛበት ሰው ግን ወጣ፤ በምትኩ የሚታገል ጭራቅ ገባበት። ሰው የነበረውን ጭራቅ ካደረጉት በኋላ ዕቃውን መውሰድ ጀግንነት ይሆናል። ተንኰሉ በወጣቱ ዘንድ ሳይሆን ነገሩ በተበጀበት መንገድ ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ ወጣቱን ብቻ የሚገሥጽ ሰው በትሩን ያለ ስፍራው አሳረፈ።

ይህ ነገር ለሩቅ አገር ሰው የፍልስፍና ነገር ሊሆን ይችላል። ለወገዳ ሰው ግን የአካባቢው ታሪክ ነው። በስማዳ ሥር የሚያልፈው በሽሎ አስቀድሞ በመቅደላ ሥር ያለፈው በሽሎ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በምሥራቁ በጌምድር በኩል ነበር። በመቅደላ ላይ ከንጉሡ አስቀድሞ የሞተ አንድ ሰው ተቀብሮ ነበር፤ እርሱም አቡነ ሰላማ ነው። በትውልዱ ግብጻዊ ነበር፤ በ1841 ከእስክንድርያ ተሹሞ መጣ፥ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ በመቅደላ ታሰረ፥ በ1867 በእስር ሞተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ንጉሡ ራሳቸውን ገድለው አምባው በተያዘ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ወታደር ቤተ ክርስቲያኑንና ግምጃ ቤቱን በዘበዘ። የጳጳሱም መቃብር ወርቅ ፍለጋ ተከፈተ።

እንግዲህ የግብጻዊ መቃብር ለመክፈት ወደ ፈርዖን አገር መሄድ አላስፈለገም፤ በበሽሎ ራስጌ ተከፍቷል። የወሰዱትም ሰዎች አውሬ አልነበሩም። ከእነርሱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሆምስ የሚባል የተማረ ሰው ነበረ። ምርኮው በ15 ዝሆንና በሁለት መቶ ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም በሐራጅ ተሸጠ፥ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፈለ። የወርቁ ዘውድና የወርቁ ጽዋ እስከ ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ። የአል ሲምሃራ ሥርዐት ከዚህ በምን ይለያል? ማውጣት፥ በገበያ መመንዘር፥ ያማረውን በመደርደሪያ ማኖር። ጨዋታውን ያበጁት ሰዎች መቅደላን አስበው አልነበረም፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ልማድ ስሙን አጥቶ ወደ ጨዋታ ሲገባ፥ የሚጫወተው የጋይንት ልጅ እንኳ የአባቱ ነገር መሆኑን ሳያውቀው ይቀራል።

የንጉሡ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ነገር ደግሞ አለ። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በ2023 ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ልመና በቀረበ ጊዜ፥ ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ፥ በአጠገቡ ያረፉትን የብዙዎችን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ይህ መልስ በራሱ መጥፎ መልስ አይደለም፤ ያረፈን አለማወክ ደግ ሕግ ነው። በመቅደላ ላይ የተረሳው ሕግ በዊንዘር ታሰበ።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው እንግዲያስ ጨዋታው ይከልከል ይል ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍርድ ችኰላ ነው። በጨዋታ መቃብር የከፈተ ሁሉ በእውን መቃብር ይከፍታል የሚል ካለ ነገር አበዛ። በወጣቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ የቀለለ፥ ግን ረቂቅ ነው፤ «በዚህ ውስጥ ማን ተኝቷል?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም። ቅኔ የሚማር ልጅ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ደስ ብሎት እንዲሄድ መምህሩ አይለቀውም፤ ወርቁን እስኪያወጣ ያቆመዋል። በዚህ ጨዋታ ግን ወርቁ የሚታየው ነገር ሆኗል፤ የተሰወረው ሰው ነው፥ እርሱንም ለማውጣት የሚያቆም መምህር የለም።

በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ዩቢሶፍት የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2017 «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» የሚባል ጨዋታ አወጣ፤ ዘመኑ የክሊዮፓትራ ዘመን፥ አገሩ ግብጽ ነው። ነገሩ በሰይፍና በቀስት የተሞላ ነበር። በ2018 ግን ከዚያው አገር ላይ ውጊያውን በሙሉ አንሥቶ፥ ለመዞር ብቻ የሚሆን አንድ ክፍል ጨመረበት። በዚያ የገባ ሰው 75 ጉብኝቶች ተዘጋጅተውለት፥ ስለ ፒራሚዱ፥ ስለ እስክንድርያ፥ ሙታን በሽቱ ስለሚደርቁበት ጥበብ፥ ስለ ዳቦና ጠላ ሥራ እየሰማ ይሄዳል። ቤቱ ያው ነው፥ አሸዋውም ያው ነው፤ ከእጁ የተወሰደው ሰይፉ ብቻ ነው። የወገዳ ተማሪ መብራትና ኮምፒዩተር ባገኘ ቀን ይህኛውን ቢከፍት፥ በማኅሌተ ጽጌ ሌሊት የሄደበትን አገር በዓይኑ ያያል፤ የሚቃወመውም ሰው ምክንያት ማግኘት ያስቸግረዋል። አል ሲምሃራንም ቢሆን፥ የመከትሬን ጋጋሪዎች አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ገብቶ ቢዞር እንደ ሌላው አይዞርም።

የግብጽ በረሃ አባቶች ወደ ፈርዖኖች ዘመን መቃብር ገብተው ነበር፤ ይህም በገድላቸውና በነገራቸው የታወቀ ነው። አባ እንጦንስ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ውስጠኛው በረሃ ከመሄዱ በፊት በመቃብር ቤት ውስጥ ተዘግቶ ኖረ፤ ወዳጁ እንጀራ ያመጣለት ነበር። አባ መቃርስ ተሬኑት በምትባል ስፍራ ሌሊት ሲደርስበት፥ የጥንት አረማውያን ሬሳ ወዳለበት ቤት ገብቶ አንዱን ተንተርሶ ተኛ። ሊወስድ አልገባም፥ ሊታገልም አልገባም፤ እንደ ደከመው እንግዳ ከባለ ቤቶቹ ጋር አደረ።

ይኸው አባት በሌላ ቀን በምድረ በዳ ሲሄድ የአንድ ሙት ራስ ቅል ወድቆ አገኘ። በበትሩ ነካ አድርጎ ማን እንደ ነበረ ጠየቀው። ራስ ቅሉም የጣዖት ካህናት አለቃ እንደ ነበረ ነገረው፤ ቅዱሱ ለሙታን በሚያዝንበትና በሚጸልይበት ጊዜ በሥቃይ ያሉት ጥቂት ዕረፍት እንደሚያገኙ ጨመረለት። ዕረፍቱ ምን እንደ ሆነም ጠየቀው። በእሳቱ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ስለሚቆሙ አንዱ የሌላውን ፊት ማየት እንደማይችል፥ በጸሎቱ ጊዜ ግን ጥቂት እንደሚተያዩ መለሰለት። መቃርስም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ቆፍሮ ራስ ቅሉን ቀበረውና መንገዱን ሄደ።